የማለዳው የወተት ርክክብ

ከአምቦ ወደ ነቀምት ሲሄዱ የሚያገኟት ጌዶ ደጋማ የላም አገር ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ወተት አሰባስቦ ቅቤና አይብ በሚያወጣ ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘንድ፣ ከማሽኑ ሁሉ በላይ የማደንቀው የማለዳውን ርክክብ ነው። ተረካቢዋ ከየአባሉ ዕቃ ጥቂት ቀድታ የወተት ጥግግት መለኪያውን ላክቶሜትር ትነክራለች፤ ንባቡ ከ1.026 በታች ከወረደ ውኃ ገብቶበታል ተብሎ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ያንኑ ያህል አልኮል ትቀላቅልበታለች። ወተቱ ከጓጎለ ይመለሳል፤ የሊቀ መንበሩም ቢሆን! የአንድ ቤት የኮመጠጠ ወተት የጎረቤቱን ሁሉ ያበላሻልና። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ እዚህ ደግሞ ለሁሉም አንድ መለኪያ አለ። ሊትሩ አባሉ እያየ በእሱም ደብተር በማኅበሩም መዝገብ ይጻፋል፤ ክፍያ ሲደርስ ሁለቱን ማመሳከር ነው።