ለሦስተኛው ሥሪት ምስጋና

እ.ኤ.አ. በ1988 የመጣው የኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ከርቀት መከታተያ ፕሮቶኮል) የመጀመሪያ ሥሪት ስዊችን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ «ፐብሊክ» በምትባል አንዲት ቃል ነበር፤ ያውም ቃሏ ሳትመሰጠር ነው በመስመሩ የምታልፈው። መስመሩን ያደመጠ ሁሉ ያነባታል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ የኢንተርኔት ስታንዳርድ የሆነው ሦስተኛው ሥሪት ጠያቂው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፣ መልእክቱን ይመሰጥራል፣ ማን ምን ማየት እንደሚችልም ይለያል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቁልፉ ነው። በመቶ ስዊች ላይ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ብታስገቡ እንኳ፣ እያንዳንዱ ከራሱ መለያ ጋር ቀላቅሎ የየግሉን ቁልፍ ያወጣል። የአንዱ ቁልፍ ቢሰረቅ በዚያ ቁልፍ ሌሎቹ አይከፈቱም። ይህን ያሰቡ ሰዎች ምርቃት ይገባቸዋል!

ማስታወቂያውም አለ። የፖርት ገመድ ሲነቀል ስዊቹ ጥያቄ ሳይጠብቅ ወደ መቆጣጠሪያው ፖርት 162 መልእክት ይልካል። «ትራፕ» አንዴ ተናግሮ ዝም ይላል፤ «ኢንፎርም» ግን «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካጣ ደግሞ ይልካል። ለዋናው መስመር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ማዋቀሩ አሰልቺ ነው፣ አልክድም፤ ዕይታው፣ ቡድኑ፣ ተጠቃሚው፣ የመልእክቱ ተቀባይ፣ ሁሉም በየተራ። ያለዚያ ግን የሌሊት ተረኛው ስለ ብልሽቱ የሚሰማው፣ ብዙ ጊዜ፣ ከተቆጣ ደንበኛ ስልክ ነው።