ዋሱ ማን ነው?

«እጅህ ጥሩ ነው፤ ዋስ አለህ?» ይህ ጥያቄ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው ሥራ ላስቀጥር ይዤ ደብረ ታቦር ውስጥ ብየዳ ቤትና አናጺ ቤት በሄድኩ ቁጥር ይቀድመኛል።

የእጅ ነገር ብዙም አያስቸግርም። ሽመናውን፣ እንጨቱን፣ ብየዳውን እዚያው እስር ቤት የተማረ አለ። ዋሱ ነው የሚቸግረው። ነፍስ አጥፍቶ ለታሰረ ደግሞ ከዋስ በፊት እርቅ አለ። የሟች ወገን ካልታረቀ ቀንና ሰዓቱ የታወቀ ሥራ መያዝ ለደመኛ መንገድ ማሳየት ነው። ስለዚህ አሠሪ ከመፈለጌ በፊት ሽማግሌ ደጅ እጠናለሁ፤ ቢቻል ሰውየው ሳይፈታ።

መጀመሪያ ላይ እስሩን እደብቅ ነበር። አንድን ልጅ «ከገጠር የመጣ ዘመዴ ነው» ብዬ አናጺ ቤት አስገባሁት። በሳምንቱ አንድ ደንበኛ ለየውና የዚያኑ ቀን ተባረረ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የተባረረው በውሸቴ ነው። ዛሬ ሰውየው ራሱ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ በምን እንደተፈረደበትና ስንት ዓመት እንደታሰረ ለአሠሪው ይናገራል። እኔ ስለ ሙያው ብቻ እመሰክራለሁ። ከዚያ በቀን ሒሳብ የሁለት ሳምንት ሙከራ እንለምናለን። ዋስ ከጠፋ እኔው እፈርማለሁ።

ብየዳ ለተማረ ሰው ግን የሙያው ስምም ሌላ ሸክም ነው። ጋፋት ቅርባችን ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መድፍ ሠርተው የማያውቁ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን እዚያ አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ኋላ ግን 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያው ወጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ኖረ፤ በማጭዱ ያጨደው ሁሉ አብሮት ለመብላት ተጸየፈ። እስር ቤት ብየዳ ተምሮ የወጣ ሰው የእስረኛንም የቡዳንም ስም ተሸክሞ ይመጣል። ይህ ያንገበግበኛል።

ሕጉ ከገበያው ይሻላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠባዩ ለታረመ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ የአመክሮ በር ይከፍታል። ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላም ጽኑ እስራት ከነበረ 5 ዓመት፣ ቀላል ከነበረ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሳውንም እንደ አቅሙ ከከፈለ፣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ካገኘኋቸው ተፈቺዎች ብዙዎቹ ይህን አያውቁም፤ የመፈቻ ወረቀታቸውንም በንዴት የቀደዱ አሉ።

እባካችሁ ወረቀቱን አትቅደዱ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከተፈታችሁበት ቀን ነው።