የሚስ ቤትስ ምስጋና

ጄን ኦስተን በ1815 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ኤማ» የተሰኘ ልብወለድ ውስጥ አንባቢ ሁሉ የሚስቅባት ሴት አለች፤ ሚስ ቤትስ። አንዴ ከጀመረች ማን ያስቆማታል! ከእናቷ መነጽር ትነሳና ወደ ጭስ ማውጫው፣ ከዚያ ወደ ፖም ጥብስ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት እያለች ገጹን ትሞላዋለች። ብዙ ሰው ይህን ወሬ የደራሲዋ ቀልድ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ደጋግሜ ሳነበው ግን ደረሰኝ ሆኖ ነው የታየኝ። ምስጋና የሌለበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሴትዮዋ የምትኖረው ሰው በሚልክላት ነገር ነው፤ የምትከፍለውም በአፏ።

አባቷ የሀይበሪ አጥቢያ ቄስ ነበሩ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደንብ የቄሱ ቤትና ገቢ የሹመቱ እንጂ የቤተሰቡ አይደለም። ቄሱ ሲሞቱ ሚስትና ልጅ ይወጣሉ፣ አዲሱ ቄስ ይገባል። እናትና ልጅ አሁን የሚኖሩት ነጋዴዎች ቤት ፎቅ ላይ ተከራይተው ነው። ኦስተን ይህን ኑሮ ከሩቅ አይደለም ያየችው። የስቲቨንተን አጥቢያ ቄስ የነበሩት አባቷ በ1805 ሲሞቱ እሷ፣ እህቷና እናቷ በወንድሞቿ ድጎማ ኖረዋል። በ1809 ቾተን መንደር የገቡበትም ቤት የወንድሟ የኤድዋርድ ነበር።

የሀይበሪ ሰው ደግሞ ክፉ አይደለም፣ ይሰጣል። የልብወለዱ ጥያቄ ታዲያ ሌላ ነው፦ የሰጠ ሰው በምላሹ ምን ይወስዳል?

ኤማ ሀብታም ናት፣ እጇም አይሰስትም። መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ከጓደኛዋ ከሃርየት ጋር ሆና ከመንደሩ ወጣ ያለ ጎጆ ውስጥ የታመሙ ድሆችን ትጠይቃለች። ትራራለች፣ ገንዘብ ትሰጣለች፣ ከድሃም የተለየ ጨዋነት አትጠብቅም። ከደጃፉ እንደወጡ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር የማስብ አይመስለኝም ትላለች። መታጠፊያው ላይ ግን አዲሱ ቄስ ሚስተር ኤልተን ብቅ ይላል፤ ኤማ እሱንና ሃርየትን ለማጋባት እያሰበች ስለሆነ ድሆቹ ወዲያው ተረሱ። ማሰሮ ይዛ ከኤማ ቤት መረቅ ልታመጣ የምትሄደውም ልጅ ለኤማ የጠቀመቻት ሁለቱን ብቻቸውን ትቶ ለመሄድ ሰበብ በመሆን ነው። የዚያ ቤተሰብ ስም አንድም ቦታ አይነገርም።

አሁን ሁለቱን ስጦታዎች አስተያዩ። ኤማ ለነሚስ ቤትስ የአሳማውን የኋላ እግር ከነሽንጡ ትልካለች (የአሳማ መሆኑን የእኛ አንባቢ ይለፈው)። ሚስ ቤትስ ሮጣ ትመጣለች፣ በሰው ፊት ታመሰግናለች፤ ሥጋው ከመተለቁ የተነሳ በጨው የሚታሽበት ዕቃ ቤታቸው አልተገኘም። የዶንዌሉ ባለርስት ሚስተር ናይትሊ ደግሞ የቀረውን ፖም በሙሉ ይልክላቸዋል። የመጨረሻው መሆኑን የምንሰማው ሠራተኛው ዊልያም ላርኪንስ ስላወራ እንጂ እሱ ትንፍሽ አላለም። ሚስ ቤትስ በመስኮት ጠርታ ስለ ፖሙ ስትጀምርለት ፈረሱን ይዞ ይሄዳል። ኦስተን አስተያየት አትጨምርም። ምስጋናን የሚሸሽ ሰው ግን የምስጋናን ዋጋ ያወቀ ነው፤ የእኛ ሰው ውለታ የሚለውን ቃል ስጦታም ዕዳም አድርጎ እንደያዘው ማለት ነው።

ስለዚህ የቦክስ ሂሉ ሽርሽር እኔን የሚያስደነግጠኝ በስድቡ ብቻ አይደለም። ኤማ ሚስ ቤትስ በአንዴ ሦስት የማይረባ ነገር ብቻ መናገር ይከብዳታል ብላ ስትቀልድ የቀለደችው በክፍያው ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ያላት ብቸኛ ገንዘብ እሱ ነበርና። ናይትሊ ኋላ ይቆጣታል። ሀብታም ብትሆን ኖሮ እኩያሽ ናት እል ነበር፣ ግን ደሃ ናት፣ ከነበረችበት ወርዳለች፣ ገናም ትወርድ ይሆናል ይላል። ትክክል ነው። ግን እሱም ቢሆን ለምን ትወርዳለች ብሎ አይጠይቅም።

በማግስቱ ኤማ ልትጠይቃት ስትሄድ በወሬው መሀል አንድ ነገር ይወድቃል፤ ለማለፍ በጣም ቀላል ነው። የአባቷ ጸሐፊ ሆኖ 27 ዓመት ያገለገለው ሽማግሌው ጆን አብዲ በሪህ ተይዞ አልጋ ላይ ውሏል። ክራውን በተባለው የእንግዳ ማረፊያ ባልደራስ የሆነው ልጁ ብቻውን ሊጦረው ስላልቻለ ከአጥቢያው እርዳታ ሊጠይቅ መጥቷል። ይህ ከ1601ዱ ሕግ ጀምሮ ከነዋሪው በግብር እየተሰበሰበ ለድሃ የሚከፈለው ነው። እዚህ ሥጋም ፖምም የለም፤ በመስኮት መጣራትም የለም። ሚስ ቤትስ ግን የቄስ ልጅ ናት፣ ይሉኝታ አለባት፤ ያ በር ለእሷ አይሆንም።

ከዚያ እምቢታው ይመጣል። ኤማ ለታመመችው ለእህቷ ልጅ ለጄን ፌርፋክስ ምርጥ የአጥሚት ዱቄት ትልካለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ! አክስቲቱ ሺህ ጊዜ አመስግናለች፤ ጄን ግን ልቀበለው አልችልም፣ ምንም አልቸገረኝም ብላለች። እርግጥ ጄን ቅር የተሰኘችበት ሌላ ምክንያት አላት፤ በምስጢር ያጫት ሰው ከኤማ ጋር ሲሽኮረመም አይታለች። ያም ቢሆን በሀይበሪ ስጦታ ሲመለስ ያየነው ይኸኛውን ነው፤ ኤማም ከቁጣው ይልቅ በዚህ ትንሽ ዕቃ የእጇን ልክ ታያለች።

ኦስተን እዚህ ላይ ትንሽ የሸሸች ይመስለኛል። ጄን ሀብታም አግብታ ትወጣለችና እምቢታዋ ዋጋ ሳያስከፍላት ቀረ። ሚስ ቤትስ እዚያው ፎቅ ላይ ናት። ኤማና ናይትሊ ይጋባሉ፤ እሱም የሚስቱ አባት እስካሉ ድረስ ዶንዌልን ትቶ እነሱ ቤት ይገባል። ሥጋውም ፖሙም ከእንግዲህ ከአንድ ቤት ሊመጣ ነው፤ ለሚስ ቤትስ ለምስጋና የምትዞርበት ደጅ በአንድ ቀነሰላት።