የዳር ሰዎች

ሐይቅ ከተማ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ይታወቃል። ዳር ላይ ይቀመጣል፣ ዓሣ ይታዘዛል፣ ውሃውን ከጀርባ አድርጎ ፎቶ ይነሣል። “ኧረ እንዴት መንፈስ ያድሳል!” ይባላል። ከዚያ ሒሳብ ተከፍሎ ወደ መኪና። እጁን እንኳ ውሃ ውስጥ የነከረ የለም።

በግዕዝ “ሐይቅ” ማለት ዳርቻ ነው፤ የውሃው ሳይሆን የጠርዙ ስም። በአማርኛ ግን ለውሃው ሰጠነው። እንደኔ እንደኔ የግዕዙ ትርጉም እኛን ይበልጥ ይገልጸናል። የዳር ሰዎች ነን።

በሌላው ዓለም ፍሪዳይቪንግ የሚሉት ነገር አለ። ጀርባ ላይ የአየር ሲሊንደር ሳይታዘል፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ወደ ባሕር ጥልቀት መውረድ ነው። የሞከሩት “ጭንቀት ያስለቅቃል፣ ከውቅያኖስ ጋር ያስታርቃል” ይላሉ። ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም። ትንፋሽ ተይዞ ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የልብ ምት ይቀንሳል። ይህ በሁላችንም ሰውነት ውስጥ ያለ ተፈጥሮ ነው። አዲስ ፈጠራም አይደለም። የጃፓን ሴቶች ለዘመናት በአንድ ትንፋሽ እየጠለቁ ከባሕር ወለል ምግብ ሲለቅሙ ኖረዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከመሆኗ ጋር ከራቀን ባሕር ውስጥም፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ የሚጠልቁት ለእንጀራ እንጂ ለመንፈስ እርካታ አልነበረም።

ታዲያ እርጋታውን የሚያወድሱት ሰዎች አንድ ነገር ለብ ለብ አድርገው ያልፋሉ። “ተንፍስ! ተንፍስ!” የሚለን ደወል በአብዛኛው የሚጮኸው ኦክስጅን ስላለቀ ሳይሆን በደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው። አንድ ሰው ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል ከተነፈሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንስና ደወሉ ይዘገያል። ሰውየው “ዛሬስ በረታሁ!” እያለ፣ ምንም ሳይጨንቀው፣ ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጩኸት የለ፣ መንፈራገጥ የለ። አባቶቻችን “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” ያሉት ይህንን ሳያጠኑ ነው፤ ግን ልክ ናቸው።

ለዚህ ነው የሙያው የመጀመሪያ ሕግ “ብቻህን አትጥለቅ” የሆነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ይጠብቃል። ጓደኛው ወጥቶ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ዐይኑን አይነቅልም። ስለዚህ ያ ሁሉ የሚወራለት ሰላም ከውሃው ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የሚጠብቅህ ሰው እንዳለ ከማወቅም ነው።

እኛስ? እኛ ተረቱን ይዘን ትምህርቱን ጣልነው። የሐይቅ አፈ ታሪክ ራሱ ውሃውን ቁጣ አድርጎ ነው የሚተርከው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተበደለች፣ በዳዮቿን ከነአገራቸው ውሃ ዋጣቸው ይላል። ቤት ውስጥም “ውሃ ዳር ባይህ እግርህን ነው የምሰብረው!” እንላለን። ልጁ ይቀራል እንዴ? አይቀርም። ተደብቆ ይሄዳል። ተደብቆ የሄደን ልጅ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? ይኸውላችሁ፣ በክልከላችን ልጁን ከውሃ አላራቅነውም፤ ከጠባቂ ነው ያራቅነው። ጠላቂዎቹ “በፍጹም አታድርጉ” የሚሉትን እኛ በቁጣ እያስደረግነው ነው።

ሐይቁ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነም ሰውነትን የባሕሩን ያህል አያንሳፍፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከ10ሩ 9ኙ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች። ድርጅቱ የሚመክረው መፍትሔ ልጆችን ውሃ እንዳያዩ ማድረግ አይደለም፤ ለተማሪዎች መሠረታዊ ዋናና የውሃ ጥንቃቄ ማስተማር ነው።

“እኛና ዋና ምንና ምን ነን?” የሚል አይጠፋም። እሱን ወደዚያው ወደ ሐይቅ እመልሰዋለሁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ጽሞናን የሚያህል ነገር እንኳ በዚህ አገር ያለ መምህር አልተተወም። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ እያረመ ነው የተማሩት። ታዲያ የውሃን እርጋታ ልጅ ብቻውን፣ በስርቆት ይማረው የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ማንም 80 ሜትር ይውረድ አላልኩም። ጉልበት በሚደርስ ውሃ ፊትን መንከር፣ መንሳፈፍ፣ ሳይደናገጡ መውጣት ይበቃል። አንድ ዋና የሚችል አዋቂ አጠገብ ይቁም፤ ስልኩን ኪሱ ይክተት፤ ዐይኑን ከልጆቹ አይንቀል። ያን ጊዜ የዳር ሰው መሆናችንም አንድ ጥቅም ያገኛል።