የቱባ ማውዝፒስ አመራረጥ

ቱባ የተባለው ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ የሚወለደው ከንፈር በሚያርፍበት ማውዝፒስ ውስጥ ነው። ረጅሙ ቧንቧ የሚያጎላው እዚያ የተፈጠረውን ንዝረት ነው፤ ስለዚህ መዳፍ ላይ የምታርፈው ይህች ብረት በጥንቃቄ ልትመረጥ ይገባታል።

አስቀድሞ የሚታየው ወደ ቧንቧው የሚገባው ጭራዋ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ልክ ስለሚለያይ፣ የቀጠነው ከልክ በላይ ጠልቆ ይገባል፣ የወፈረው ደግሞ ወደ ውጭ ይቀራል፤ ቅኝቱም ይዛባል። ከንፈር የሚያርፍበት ጽዋ የውስጥ ስፋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 34 ሚሊሜትር ነው። ሰፊው ለዝቅተኛ ድምፆች ይመቻል፣ ያልጠነከረን ከንፈር ግን ቶሎ ያደክማል።

ከሁሉም በላይ ባሕርይ የሚሰጠው የጽዋው ቅርጽ ነው። በጆን ፊሊፕ ሱዛ ባንድ ውስጥ በተጫወተው በኦገስት ሄለበርግ ስም የሚጠራው ዓይነት ጥልቅ ሆኖ ወደ ታች ቀስ እያለ ይጠብባል፤ ድምፁም ለስላሳና ወፍራም ነው፣ ለኦርኬስትራ እጅግ ያምራል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ የሆነው ባክ 18 የተባለው ሞዴል ግን እያንዳንዱን ኖታ ጥርት አድርጎ ያስጀምራል። ለኤፍ ቱባ አነስ ያለው ይመረጣል።

በሱቅ ውስጥ የጥቂት ደቂቃ ሙከራ አይበቃም። ዝቅተኛውን ኖታ በቀስታ፣ ከፍተኛውን ደግሞ ከንፈር ከደከመ በኋላ መንፋት ያስፈልጋል፤ ከአዳራሹ ጥግ የሚያዳምጥ ሌላ ሙዚቀኛ ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።