ሃምሳ ሎሚና አንድ ቫዮሊን

አምቦ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ፣ የአምቦ ውኃዬን እየጠጣሁ፣ በስልኬ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አዳምጣለሁ፤ ኢትዮፒክስ እ.ኤ.አ. በ2006 በ21ኛ ቅጹ ያወጣውን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ጆሮ ሰጡና "የኔም ልጅ ቫዮሊን ካልተማርኩ ትላለች። ለመሆኑ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?" አሉኝ። አፌ ተያዘ።

እማሆይን ሁላችንም በፒያኖ እናውቃቸዋለን። ያን አልበም ያወደስን ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የጎደለውን አልሰማንም። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት እኚህ ሴት በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ካይሮ ውስጥ የፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት የአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሪ ነበሩ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ቫዮሊንም ፒያኖም፣ ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። ለንደን ሄደው የመማር ተስፋቸው ሲከሽፍ ግሸን ማርያም ገቡ፤ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ኋላ ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ ነው። ታዲያ ቫዮሊኑ የት ገባ?

ምርጫቸው ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል። ፒያኖ ብቻውን ሙሉ ነው፤ ዜማውንም አጃቢውንም ይዟል። ማሲንቆም ቢሆን አንድ ክር ይዞ ለአዝማሪው ይበቃዋል፤ ራሱ ዘፋኝ፣ ራሱ አጃቢ ነው። የኦርኬስትራ ቫዮሊን ግን የደቦ ሥራ ነው። አንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ እያለ ሃምሳ ስልሳ ሰው ካልተሰበሰበ ሥራው የለም። ኦርኬስትራ በጸናበት አገር ክፍት ቦታ ሲገኝ ተወዳዳሪው ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይፈተናል፣ ለወራት ይሞከራል፣ ካለፈም ደመወዝተኛ ይሆናል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም መንገድ ነው።

እኛም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለን፤ ቫዮሊን ያስተምራል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እዚያ አሜሪካ፣ ኢስትማን የተማሩ አቀናባሪ ነበሩ። በሩን ከፍተን ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ መጥረግ ግን ረሳን። ተመራቂው በሠርግ፣ በሆቴል፣ በስቱዲዮና በማስተማር ይበታተናል። ከዚያ "ሕዝባችን ክላሲካል አይገባውም" እንላለን። የቦዳው ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ሳለ ተውኔት ጽፏል፤ ኋላ ትልቅ የሆነው ግን በተሰጥኦው ብቻ አይደለም። ተዋናይ ደመወዝ የሚበላበት ቴአትር ቤት ስለነበረም ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ለአባትየው "ጋሼ፣ ትማር፤ ግን ማስተማሩንም አብራ ትያዝ" አልኳቸው። አመሰገኑኝ። እኔን ግን መልሴ እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ ልጅቷን ሃምሳውን ሎሚ ብቻዋን ተሸከሚ ማለቴ ነበርና።