ምርቃቱን የሚሰማ ካሜራ

ቪዲዮ ካሜራ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ዙም ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው እሱ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ሰርግና መልስ፣ ክርስትናና ልደት ስቀርጽ የኖርኩ ነኝና ለቤቱ ለሚገዛም ሆነ ሥራውን ለሚጀምር ወጣት የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ መጀመሪያ የካሜራውን ጉድለት እወቁ። በዚህ ዋጋ እንከን የሌለው ካሜራ አይገኝም። አንዳንዱ ጉድለት ግን በብልሃት ይሸፈናል፤ አንዳንዱ በምንም አይሸፈንም።

የማይሸፈነው ድምፅ ነው። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የአያትን ጉልበት ሲስሙ አያት ዝቅ ባለ ድምፅ ይመርቃሉ። ካሜራው አራት አምስት ሜትር ርቆ ቆሟል። ከካሜራው ጋር አብሮ የተሠራው ማይክ የሚሰማው ቅርቡን ነው፤ የእንግዳውን ወሬ፣ የሳህኑን ኳኳታ፣ የቀራጩን ትንፋሽ ሳይቀር። በዚያ ላይ እነዚህ ካሜራዎች የድምፁን መጠን ራሳቸው ያስተካክላሉ። እልልታው ሲቀልጥ ካሜራው የሚቀዳውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ እልልታው ሲያበቃ ግን ቶሎ አይመለስም። የምርቃቱ የመጀመሪያ ቃላት የሚዋጡት እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈው አያት ባይኖሩ፣ ቤተሰቡ ያን ቪዲዮ የሚከፍተው ድምፃቸውን ለመስማት ነው። ለዚህ ነው ስለ ማይክ ማስገቢያ ሳልሰለች የምወተውተው።

ምሳሌ ልስጥ። የሶኒው ኤችዲአር ሲኤክስ 405 ቀላል ነው፣ ኦፕቲካል ዙሙ 30 እጥፍ ይስባል፣ ለጀማሪ ኪስ ይስማማል። የውጭ ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ ግን የለውም። የካኖኑ ኤችኤፍ አር 800 የማይክም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አለው። ሁለቱን ፊቴ ብታስቀምጡልኝ ካኖኑን አነሳለሁ። ምስሉ በልጦብኝ አይደለም፤ በሽማግሌው ነጠላ ላይ ትንሽ ማይክ ሰክቼ፣ የሚቀዳውን በጆሮዬ እየሰማሁ መሥራት ስለምችል ነው። ሶኒውን የገዛ ሰው ድምፁን በሌላ መቅጃ ቀድቶ ኋላ በኤዲቲንግ ማገጣጠም ይችላል። ኤዲቲንግ ለማይሠራ ሰው ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም።

ብርሃን ሌላው ነው። የቤት ካሜራዎች ሴንሰር ትንሽ ነው፤ አሁን የጠቀስኩት ሶኒ 1/5.8 ኢንች ሲሆን፣ ዋጋው ከፍ የሚለው የሶኒው ኤፍዲአር ኤኤክስ 53 ግን 1/2.5 ኢንች ሴንሰር አለው። ማታ ድንኳን ውስጥ በሁለት አምፖል ሲቀረጽ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ የትንሹ ምስል ነጠብጣብ ይሞላዋል፣ ጥቁር ኮት ከጀርባው ጨለማ አይለይም። ይህ ግን የሚሸፈን ጉድለት ነው። መብራት ይጨመራል፣ ደግሞም ወደ ሰው ይጠጋሉ። ዙም በተሳበ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ እየጠበበ ብርሃን ይቀንሳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ይጎላል። ስለዚህ በጨለማ ውስጥ ከ30 እጥፍ ዙም ይልቅ ሦስት እርምጃ ወደፊት መሄድ ይበልጣል። 350 እጥፍ የሚለውን ዲጂታል ዙም እርሱት፤ ያለውን ምስል ለጥጦ ከማደብዘዝ ሌላ ሥራ የለውም።

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ነገር ላክል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። ለዚያ ገበያ የተሠራ የቤት ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ወይም 30 ምስል ይቀርጻል፤ ወደ 50 ወይም 25 የሚቀየርበት ምርጫ የለውም። በፍሎረሰንት መብራት ሥር አዳራሹ በሙሉ ይርገበገባል። ሸተሩን 1/100 ላይ ማድረግ ያድናል፤ ርካሾቹ ሞዴሎች ግን ብዙውን ጊዜ ሸተር በእጅ ለመቀየር አይፈቅዱም። ስጦታ ከመላኩ በፊት ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ይህን ሁሉ ጉድለት እያወቅሁም ለቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት ቪዲዮ ካሜራን እመርጣለሁ። ቆየት ያሉት ብዙዎቹ የፎቶ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ 30 ደቂቃ ሊሞላ ሲል ይቆማሉ፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት የአውሮፓ ቀረጥ ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቆጥረው ስለነበር ነው። ተክሊል ደግሞ ሰዓት አይጠብቅም። ቪዲዮ ካሜራ ባትሪውና ሜሞሪው እስኪያልቅ ይቀርጻል። ረጅሙን ቀረጻ በብዙ ፋይል ቆራርጦ ማስቀመጡ ያስቸግራል፤ ግን በኮምፒውተር ይቀጠላል።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ያዙ። ጨለም ያለ ጥግ ፈልጋችሁ ቅረጹ፤ አንድ ሰው አምስት ሜትር ርቆ በዝግታ ያውራ። ቀረጻውን በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳይሆን በቴሌቪዥን እዩት፣ ድምፁንም ስሙት። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።